አጥንት ቆጣሪዋ

ከቬኒስ ማዶ ነው፣ ከጨዋማው ውኃ ዳር፣
ጎብኚ መጥቶ ፎቶ የማያነሣው ሰፈር፤
እዚያ ነው ፋብሪካው፣ እዚያው ውስጥ ነው ክፍሌ፣
ጥቁር መጋረጃ፣ ራጅ፣ ቀይ አምፖሌ።
ኤልዳ እባላለሁ። ሥራዬ እጅ ማየት፣
ሥጋውን አልፌ አጥንቱን መለየት።
"አትንቀሳቀስ" ብዬ ቁልፉን እጫናለሁ፣
ፊልሙን እንደ ካልሲ ገመድ ላይ አሰጣለሁ።

ጋኑ ሁለት ፎቅ ነው፤ ጋዙ ፈልቶ ሲረጋ
ልባጩ ይቀራል ከግንቡ ላይ እንደ ሥጋ።
ያንን ሊፍቅ ይወርዳል ሰው በገመድ ታስሮ፣
ባንድ እጁ ባትሪ፣ ባንድ እጁ መሮ።
"ሽታው" አለኝ ኦሊንዶ፣ "ጣፋጭ ነው፣ አትፍሪ፣
ከረሜላ መሸጫ እንደገባሽ ቁጠሪ።
ሲበዛ ያዞራል፤ ወጥተን እንስቃለን፣
ወይን ሳንገዛ፣ በነጻ እንሰክራለን።
በበጋ ቢራውን በጋዙ አቀዝቅዘን
እንጠጣለን፣ አለቃው ሲሄድ ተደብቀን።"

እጁን አስቀመጠ። ቆዳው እንደ ካርቶን፣
ጥፍሩ ሰፍቶ አጥሯል፣ አዝራር አይዝም አሁን።
ፊልሙን አጥቤ ወደ መብራት ባወጣው
የጣቱ ጫፍ የለም። አጥንቱን ምን መጠጠው?
ሥጋው አለ፣ ጥፍሩ አለ፤ ውስጡ ግን ባዶ፣
ሻይ እንደነካው ስኳር፣ ጠርዙ ሟሙቶ ሄዶ።

ሌላው አጥንት ሲቆጥር ቅድመ አያቱን ይጠራል፤
እኔ ስቆጥር ግን በየወሩ ይጎድላል።

ዶክተር ቤልትራሜ መነጽሩን ጠራርጎ
"ቁርጥማት ነው በይው" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
"ከሚላኖ ታዟል፤ ጉዳዩ ገና ይጠናል፤
ወሬው ከወጣ ሺህ አባወራ ይበተናል።"
ቁርጥማት።
ጻፍኩ፣ በጥሩ ቀለም፣ በሙሉ ጣቴ ጻፍኩ፣
"ሆድ ይፍጀው" አልኩና መሳቢያውን ቆለፍኩ።

ሆድ ይፍጀው ያልኩትን ሆድ ፈጀው፣ በእውነት፤
የእኔን ሆድ አይደለም፣ የኦሊንዶን ጉበት።

ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ሆዱ ውኃ ሞላ፤
"በነጻ አልነበረም" አለኝ፣ ከብዙ ዝምታ በኋላ።
በመጋቢት ቀበርነው። ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ታርቺዚዮ፣
ወይን ሲለቀም እሱ ሆነ፤ በገና ዱሊዮ።

ኔሪና፣ የኦሊንዶ ሚስት፣ ገበያ አገኘችኝ፣
ቱታውን አሥራ ስድስት ዓመት ባጠበ እጇ ያዘችኝ፤
"ቁርጥማት ሰው ይገድላል?" ብላ ጠየቀችኝ።
የዓሣውን ዋጋ ጠየቅሁ፣ እንዳልሰማ ሆኜ።

አንድ ሰኞ ልጅ መጣ፣ ጢሙ ገና ያልበቀለ፣
የዱሊዮ የእህት ልጅ፤ ሥራ ከጀመረ ሳምንት ያልዘለለ።
እጁን ዘረጋና "ሽታው" አለኝ፣ "ደስ ይላል፣
ከረሜላ ይመስላል።"
"አትንቀሳቀስ" ልለው አፌን ከፍቼ
ቆምኩ፣ ቁልፉ ላይ ጣቴን ረስቼ።

ያን ሌሊት መሳቢያውን ከፈትኩ። ሃያ ሰባት ፊልም፣
ሃያ ሰባት እጅ፣ አንዱም ሙሉ አይደለም፤
በካፖርቴ ሸፍኜ፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ
ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ቆምኩ፣ ዘበኛው እስኪደርስ።

ክረምቱ አልፎ፣ ዳኛው አንዱን ወደ መስኮት ይዘው
"ቁርጥማት የሚለውን" አሉ፣ "የጻፈው ማነው?"
ዶክተሩ ጣራውን አየ። ጠበቃው ወረቀቱን።
ከውጭ የመርከብ ጡሩምባ ተሰማ፣ ቆመ።

እጄን አነሣሁ።

ኔሪና ከኋላ ወንበር ቀና ብላ ቆጠረች፦
አምስት ጣት። ሙሉ። እስከነጫፋቸው።